ከሦስተኛ ወደ ስምንተኛ የወረደው ጀሪካኔ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ እስከ መጨረሻው መስመር ጥፋተኛ ሲፈልግ እንዳይደክም ብዬ ነው። የጋምቤላ ሙቀት ብቻውን ሰው ያደክማል፤ እኔ ልጨምርበት አልፈልግም።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከደጋ የመጣሁት ባለቤቴ የጤና ረዳት ሆኖ እዚህ ሲመደብ ነበር። እሱ እዚሁ ተቀበረ፣ እኔም እዚሁ አረጀሁ፣ ልጆቼም እዚሁ ወለዱ። በሰፈሬ የምታወቀው በአንድ ነገር ነው፦ ተራ ሲጣስ ዝም አልልም። በባጃጅ ተራ ተጣልቻለሁ፣ በጤና ጣቢያ ካርድ ተራ ተጣልቻለሁ። ጠበል ልጠጣ ተሰልፌ እንኳ ከፊቴ ዘው ያለን ሰውዬ በነጠላው ጎትቼ አውጥቼዋለሁ። ሰውዬው በኋላ የንስሐ አባቴ ወንድም ሆኖ ተገኘ። ፍርዴን ግን አላነሳሁም።

ወደዚህ ጉድ ያስገባኝ ጎረቤቴ መምህር ኡሞድ ነው። ኡሞድ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ እኔ እጄ ላይ ያደገ የአኙዋ ልጅ ነው፣ አሁን ግን እሱ ነው የሚያስተምረኝ። አንድ ቀን ማንጎው ሥር ቁጭ ብለን ሳለ ስለ ስልክ ጨዋታ ተነሣና እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ሰው ሁሉ የሚጠቀምባቸው ትልልቆቹ መገናኛዎች ባለቤት አላቸው፤ ባለቤቱ ሩቅ አገር ነው፤ የሚያጣላንን እየመረጠ ያሳየናል፣ ስንጣላ እሱ ያተርፋል። ስለዚህ እሱና ጓደኞቹ ባለቤት የሌለው መገናኛ ሠርተዋል። የእኛ ሰፈር አንድ ቤት አለው፣ የፕሮቴስታንቱ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አንድ ቤት፣ ኢታንግ አንድ ቤት፣ ጎግ አንድ ቤት። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ደንብና የራሱ ጠባቂ አለው። በቤቶቹ መካከል በር ስላለ በአንዱ የተነገረው ሌላው ጋ ይሰማል።

እኔ ወዲያው የጠየቅኩት የበላያቸው ማን እንደሆነ ነው። የበላይ የላቸውም አለኝ። ነገሩ አልጣመኝም፤ ቢሆንም ሩቅ አገር ተቀምጦ እኛን እያጣላ የሚያተርፍ ሰውም ስላልጣመኝ እሺ አልኩ።

የእኛ ቤት ማለት ኡሞድ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠች አረንጓዴ መብራት ያላት ትንሽ ሳጥን ናት። መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ክርክር በሙሉ እመሃል ላይ ቀጥ ይላል። መብራት ሲመጣ ሁሉም ካቆመበት ይቀጥላል። በመሃሉ የበረደለት ሰው አይቼ አላውቅም።

ኡሞድ ክርክር የምችል መሆኔን ስለሚያውቅ የቤቱ አወያይ አደረገኝ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ፣ ስምህን ደብቀህ አትሳደብ፣ ስምህን ገልጠህም አትሳደብ። ሁለተኛ፣ የሁለቱን ወገን ቃል ሳትሰማ አትፍረድ። ኡሞድ ሁለተኛይቱን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ከላይ ሰቀላት፤ ከሥሯም የእኔን ስም አኖረ። ከዚያ ቀን በኋላ ስልኬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የራሴን ፍርድ ነው።

አሁን ወደ ቦኖው ልምጣ።

የሰፈራችን ቦኖ የሚከፈተው ጠዋት ነው፤ ውሃው ሲያልቅ ይዘጋል፤ መቼ እንደሚያልቅ ግን ውሃው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰው በፀሐይ አይሰለፍም፤ የሚሰለፈው ጀሪካኑ ነው። ጀሪካንሽን ታቆሚና ወደ ሥራሽ ትሄጃለሽ። ሁሉም የየራሱን ያውቃል፤ የእኔ ቢጫ ነው፣ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ አለው። ከጠባቂዋ ከኛቦል በቀር የሰው ጀሪካን የሚነካ የለም። ኛቦል ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የኑዌር ሴት ናት። የቦኖውን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትመጣ ግርግሩ ሁሉ ጸጥ ይላል። በዚያ ሥራ ነው አራት ልጆች የምታሳድገው።

ከተራ ውጪ የሚቀዳ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ልቅሶ ያለበት ቤት። ለቀስተኛ ሞልቶ ውሃ የለም አይባልም። ጀሪካኑ ላይ የኒም ቅጠል ይሰካበታል፣ ኛቦል ቅጠሉን አይታ ታስቀድመዋለች። ይህን ልማድ ያመጣው ማን እንደሆነ ብትጠይቁኝ እኔው ነኝ። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ቤቴ በሰው ተሞልቶ እህቴ ባዶ ጀሪካን ይዛ ተመለሰች። ከአርባው በኋላ ሰፈሩን ሰብስቤ ይህ ዳግም አይሆንም አልኩ፤ ሰውም ተቀበለኝ።

አንድ ሰሞን አቦቦ ከተማ ልጄ ጋ ሰንብቼ መጣሁ። በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ጀሪካኔን ሦስተኛ አቆምኩና ወደ ቤት ገባሁ። ስመለስ ስምንተኛ ሆኖ አገኘሁት። ከፊቱ አምስት ጀሪካኖች ገብተዋል፤ ኛቦል ራሷ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ስታስገባቸው አየሁ። ቅጠል የለባቸውም። ሰባተኛው ሞልቶ የእኔ ቧንቧ ሥር ሲደርስ ውሃው ሁለት ጊዜ አስሎ ሄደ።

እዚህ ላይ ነው አንድ ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ። ኛቦል ከእኔ አሥር እርምጃ ርቃ ነው የቆመችው። እኔ ግን በንዴት ባዶ ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ቤቴ ገባሁ፣ መነጽሬን አደረግኩ፣ ጻፍኩ። "ዛሬ በቦኖአችን ሦስተኛ የነበረው ጀሪካን ስምንተኛ ሆነ። ጠባቂዋ አምስት ጀሪካን ያለ ተራ አስገባች። ይህ ፍትሕ ነው ወይ?" ስም አልጠራሁም፤ በዚያን ሰዓት ይህ ትልቅ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ቦኖው አንድ፣ ጠባቂዋም አንድ መሆኗን ያኔ አላሰብኩም። የቀትሩ ሙቀት ሲበረታ ጋደም አልኩ።

ስነቃ ስልኬ ትራሱ ሥር ይርገበገባል። መጀመሪያ የሰፈሬ ሰዎች ነበሩ፤ ልክ ብለዋል እማማ፣ እኔም ባለፈው እንዲህ ሆኜ ነበር ይላሉ። ከዚያ ጽሑፌ በሩን አልፎ መዘምራኑ ቤት ገባ፣ ከዚያም ኢታንግ። አንዱ የማላውቀውን ቦኖና የማላውቃትን ሴት ፎቶ ለጥፎ ይቺ ናት አለ። ሁለት ሰዎች የሃያ ሊትርና የሃያ አምስት ሊትር ጀሪካን እኩል አንድ ተራ ሊያዝላቸው ይገባል ወይ በሚል ተያያዙ፤ አንደኛው የሌላውን አስተማሪዎች እስከመስደብ ደረሰ። አንድ ሰው መዝሙረ ዳዊት ጠቀሰ። ሌላው ጀሪካን የሚሸጥበትን ሱቅ አመለከተ። አንዷ ደግሞ "የቦኖዋ አንበሳ፣ እንደ እርስዎ ያለ እናት ያብዛልን" ብላ ጻፈች።

እውነቱን ልናገር፤ ይቺን ሦስት ጊዜ አነበብኳት። አወያይ ነኝ፤ ከሥሯ ያለውን ስድብ ማንሣት የእኔ ሥራ ነበር። እኔ ግን አንበሳነቴን እያነበብኩ ሳለ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ገባ፦ "የምታስቀድመው የራሷን ወገን ነው።"

በእኛ ከተማ ይህ ቃል ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ያውቃል። አብረን እየኖርን፣ አብረን እየቀበርን፣ ይህ ቃል የተወረወረ ቀን እናቶች ልጆቻቸውን በጊዜ ይሰበስባሉ። ቃሉን ያየሁት ከተጻፈ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ በአራቱም ቤቶች ተስተጋብቷል።

ረቡዕ ከሰዓት የውሃ ኮሚቴው ለቅዳሜ ስብሰባ ጠራ፤ ጉዳዩ ጠባቂዋን ስለማንሣት። እኔ ይህን የሰማሁት ከኛቦል ነው። ስልኳ ቁልፍ የሚጫን አሮጌ ነው፤ የተጻፈባትን ሁሉ ሰው ነው በቃል ያነበበላት። ደጃፌ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። ኛቦል አንቺ ነው የምትለኝ፤ እርስዎ የሚለው አማርኛ ለእሷ ሁለት ሰው የመጥራት ያህል ነው፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

"እማማ፣ አምስቱ ጀሪካን የአሪየት ነው" አለችኝ፤ አሪየት የሰፈራችን የአኙዋ ሴት ናት። "ወንድሟ ሞተ። አንቺ አቦቦ ነበርሽ።"

"ቅጠል የለበትም እኮ።"

"ነበረው።"

"አላየሁም ኛቦል። በዓይኔ አላየሁም።"

"አንቺ ስትመጪ አልነበረም። ፍየል በላው።"

ዞራ ሄደች።

የፍየሉ ነገር እውነት ይሆን ብዬ ማጣራቴን አልደብቅም፤ ያለ ምስክር ማመን አልችልበትም። ሦስት ሴቶች አይተዋል። ከአምስቱም ጀሪካን ላይ በተራ፣ ሳያቋርጥ፣ አንድም ቅጠል ሳያስተርፍ ነው የበላው አሉኝ፤ ተራ በመጠበቁ ከእኔ ይሻላል። የማን ፍየል ነው አልልም ብዬ ነበር፤ አልኩ። የመምህር ኡሞድ ነው።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ አሪየት ቤት ሄድኩ። ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ጽሑፉን ያነበቡ ወይም የተነበበላቸው ናቸው። ቦታ ለቀቁልኝ፤ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። እግዜር ያጽናሽ አልኳት። አሪየት እጄን ያዘችና "ውሃው ደርሶናል እማማ" አለችኝ። ይህን ያለችው በቅንነት ነው። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። በእኔ ሐዘን ቀን ያልተገኘውን ውሃ በእሷ ሐዘን ቀን ወቀስኩባት።

ከዚያ በቀጥታ ኡሞድ ጋ ሄጄ አጥፋው አልኩት። እሱም አጠፋው።

"ጠፋ?"

"ከእኛ ቤት ጠፍቷል እማማ።"

"ከሌሎቹስ?"

"ይጥፋ የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። የሚሰማ ያጠፋል፣ የማይሰማ ያስቀምጠዋል። ቅጂው የየራሳቸው ነው።"

"እንግዲያው የበላያቸው ጋ ውሰደኝ።"

"የበላይ የላቸውም ብዬዎት ነበር።"

"ታዲያ አቤት የሚባለው ለማን ነው? ቀበሌ አቤት ብያለሁ፣ ወረዳ አቤት ብያለሁ፣ ከዚያ በላይም ሄጄ በር ላይ ውዬ አውቃለሁ። አቤት የማይባልበት አገር ውስጥ ነው እንዴ ያስገባኸኝ?"

ኡሞድ ለየጠባቂው መልእክት እንጻፍ አለኝ። መጻፍ ምን እንዳመጣ አይቻለሁ፤ በእግሬ እሄዳለሁ አልኩት። ከክስ ተቀባዩ ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ ክሴን ልለቅም ተነሣሁ።

የመዘምራኑ ቤት ጠባቂ ወንድም ቻም ነው፤ ቅን ሰው። በደንባቸው ሦስት ሰዎች ሳይስማሙ ምንም አይጠፋም። ሁለቱ መዝሙር ልምምድ ላይ ነበሩ። እኔ ኦርቶዶክሷ አሮጊት እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ልምምዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁ፤ አንዷን መዝሙር ስለተሳሳቱ ሰባት ጊዜ ደገሟት። ሲጨርሱ ተስማምተው አጠፉልኝ። እየወጣሁ ሳለ ያቺን መዝሙር ሳላስበው እያንጎራጎርኩ እንደነበር የነገረኝ የባጃጁ ሾፌር ነው።

የጎጉ ጠባቂ ደግሞ ቀድሞ አጥፍቶታል ተባለ፤ ለእኔ አዝኖ ሳይሆን ሳጥኑ ሞልቶበት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ኢታንግ ወረድኩ። የዚያ ቤት ጠባቂ ሲስተር ፀሐይ ናት፤ እንደ እኔ ከደጋ የመጣች ነርስ፣ ኩሌና ትየርኪዲ የስደተኛ ጣቢያዎች እየተመላለሰች የምትሠራ። ከምሳ በኋላ ነው ያገኘኋት። ነገሬን ጨርሼ ስነግራት ስልኳን አወጣችና እዚያ በኑዌርኛ የተጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። በእነሱ ቤት ስሟ የጠፋው ኛቦል አይደለችም፤ እኔ ነኝ። አንዲት ደገኛ አሮጊት የድሃ ሴት እንጀራ ልትቀማ ተነሣች፣ ይህን የምታደርገው ኑዌር ስለምትጠላ ነው ይላሉ። ባለቤቴ ስንት የኑዌር ልጅ አዋልዷል፣ ኛቦልን ራሷን ከክትባት ጀምሮ ያውቃት ነበር። ይህን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም። አንድ ሰው እንኳ ሳይጠይቀኝ ፈረዱብኝ ብዬ ለሲስተር ፀሐይ ስጮህ፣ ድምፄ ለራሴ ተሰማኝና አፌን ዘጋሁ።

ሲስተር ፀሐይ ውሃ አቀረበችልኝ። "ላጠፋው እችላለሁ እማማ" አለች። "ግን ሰዎች ፎቶ አንሥተው ይዘውታል። ዝም ብሎ ሲጠፋ የተደበቀ ነገር ያለ ይመስላቸዋል። እውነቱን ይጻፉ፣ እኔ በኑዌርኛ አስተርጉሜ ከጎኑ አኖረዋለሁ።"

ጻፍኩ። ፍየሉንም ቅጠሉንም አልደበቅኩም፤ ስሜን ሙሉ አድርጌ ፈረምኩ። ክሴን ያነበበው ሰው ብዛት አንድ ገበያ ይሞላል፤ ይህን ያነበቡት አንድ ሚኒባስ አይሞሉም። ካነበቡትም መካከል አንዱ "እናታችንን አስፈራርተዋቸዋል፣ ለዚህ ነው የመጀመሪያው የጠፋው" አለ። ማንም አላስፈራራኝም ብዬ መለስኩ። "ያስፈራሩት ሰው የሚለው ይህንኑ ነው" አለ ሌላው። በፈቃዴ ነው ብዬ ጻፍኩ። "አያችሁ፣ አስገድደው እያጻፏቸው ነው።" አንዱ ደግሞ ፍየል የኒም ቅጠል አይበላም፣ መራራ ነው ብሎ ረጅም ነገር ጻፈ። እዚህ ላይ ኡሞድ ተናድዶ ፍየሉን አሥሮ አምጥቶ ኒም ሲበላ ፎቶ አነሣው። ፍየሉ የተከፈለው ነው የሚል ሰው አልጠፋም።

ስለዚህ ስልኬን ዘጋሁና ቅዳሜን ጠበቅኩ።

ስብሰባው ቦኖው አጠገብ ካለው ማንጎ ሥር ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ስልኩን እያየ ሕዝቡ ጠባቂዋ እንድትነሣ ጠይቋል አለ። የትኛው ሕዝብ ብዬ ተነሣሁ። ስማቸውን እንዲያነብልኝ ጠየቅኩ፤ አነበበ። አንዱ ከአዲስ አበባ ነው፣ አንዱ ከደምቢዶሎ፣ አንዱ የት እንዳለ አይታወቅም።

"ከእነዚህ ውስጥ ከዚህ ቦኖ የሚቀዳ ማን ነው?" አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔም ለተሰበሰበው ሰው ያየሁትንና ያላየሁትን ለየብቻ ተናገርኩ። አምስት ጀሪካን ሲገባ አይቻለሁ፤ ቅጠሉ ሲበላ አላየሁም፤ አልጠየቅኩም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ ደንቡን የጠበቀችው ኛቦል፣ የተከሰሰችውም ኛቦል። አንድ ሰው መነሣት ካለበት ከአወያይነቴ የምነሣው እኔ ነኝ አልኩ። አሪየት በሐዘን ልብሷ መጥታ ከኋላ ቆማ ነበር፤ እውነት ነው አለች።

ኛቦል ተናገሪ ተባለች። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሰብሳቢውን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችው።

"እማማ፣ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር" አለች። "ስልክ ሩቅ ነው። እኔ እዚህ ነኝ።"

ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ተፈርዶብኝ አያውቅም። ይግባኝም አልጠየቅኩም።

እጅ ይውጣ ተባለ። ብዙው ሰው ትቀጥል አለ። ሁሉም አይደለም፤ እጃቸውን አጣጥፈው የቀሩ ነበሩ፣ ማን ማን እንደሆኑም አይቻለሁ፣ ከነርሱም አንዳንዶቹ እስካሁን ኛቦልን ሰላም ሳይሏት ይቀዳሉ። እኔ የተከልኩት ነው። ቁልፉን ከመሬት አንሥቼ አቧራውን በነጠላዬ ጠረግኩና ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፤ አልሳቀችልኝም። በማግስቱ ጀሪካኔ ዘጠነኛ ነበር፤ በዘጠነኛው ተራ ቀዳሁ።

አወያይነቱን ለኡሞድ ሚስት አስረከብኩ። አንድ ሥራ ግን አስቀረሁ። ክሴ እኛ በማናውቃቸው ቤቶች ዛሬም አለ፤ በየሰሞኑ አንዱ ያገኘውና እንደ አዲስ ይቆጣል። ጽሑፉ በተነሣበት ሁሉ እየሄድኩ ስህተቱ የእኔ ነበር ብዬ እጽፋለሁ። የሚያምን ያምናል።

ባለፈው ሳምንት ውሃው በጊዜ አልቆ ቦኖው ተዘግቶ ነበር። ኛቦል ቧንቧው ጥግ ጥላ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔም ባዶ ጀሪካኔ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ መካከል ስሙን ሰምቼ ከማላውቀው ቤት አንድ ሰው ስልኬ ላይ ብቅ አለ። "ይቺ ተራ የምትበላ ሴትዮ እስካሁን አልተባረረችም?" ይላል። ልደብቃት አሰብኩ፤ ከዚያ መደበቅ ይብቃኝ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ኛቦል ሰማችና ወደ እኔ ዞረች።

"ከየት ነው?"

"አልጻፈም።"

"ጠይቂው" አለች። "እነሱ ጋ ውሃ አለ?"

መነጽሬን አድርጌ ያለችውን እንዳለችው ጻፍኩ። ሰውዬው ቆይቶ መለሰ። ስድብ ጠብቄ ነበር። ውሃው ካቆመ አራት ቀኑ ነው ይላል።

አነበብኩላት። ኛቦል ከንፈሯን መጠጠች።

"አይዞህ በይው" አለች። "ልጆች ካሉት ጠዋት በጊዜ ውሃ ፍለጋ ይውጡ።"

ጻፍኩለት።